ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የበቀሉ ደረጃዎች

ፎገራ ላይ ሠርግ የሚደራው ከጥር ጀምሮ ነው። ሩዙ ታጭዶ ተወቅቷል፤ ክረምት ላይ ሜዳውን የዋጠው ውኃ ወደ ጣና ተመልሷል፤ ዋልካውም ደርቆ ሰውና ከብት ይችላል። ዳሱ የሚጣለው ደጅ ላይ፣ እዚያው መሬቱ ላይ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በእንግዶቹ መሐል እየተዘዋወረ ይዘፍናል፤ የሚያወድሰው ሰው ፊት ሄዶ ይቆማል። በዊልቸር የመጣ እንግዳ እዚህ ዳስ ውስጥ የሚወጣው ደረጃ የለበትም። መድረኩ መሬት ስለሆነ ቁጭ ባለበት ያያል፣ ይሰማል፣ ይሸልማል።

ደረጃው የመጣው ከአዳራሹ ጋር ነው።

የፎገራዋ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ከተማ ናት። እንዲህ ባሉ ከተሞች አዳራሽ ለአንድ ሥራ ብቻ አይሠራም። ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ምረቃ፣ ማታ ቴአትርና ሙዚቃ ይስተናገድበታል። ስለዚህ በሩ ላይ የቀረ ሰው የሚቀርበት ዘፈን ብቻ አይደለም። ስለ ከተማው የሚመከረውም፣ የልጁ ምረቃም አብሮ ይቀርበታል።

ለመሆኑ በዚህ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ደረጃ ለምን አስፈለገ? መልሱ ከእግራችን ሥር ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ይፈስሳሉ፤ የ1998ቱ ጎርፍ ስንቱን ቤተሰብ ከቀዬው እንዳፈናቀለ ፎገራ አይረሳውም። ዋልካው ደግሞ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ ዋልካውን ቆርጦ ያወጣል፣ ገረጋንቲ ይሞላል፣ ወለሉን ከፍ ያደርጋል። ልክ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከፍ ያለውን ወለል ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው ደረጃ ብቻ ሲሆን ነው። ራምፕ ቢታሰብ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። ያኔ ሳይቆረጥና ሳይሞላ በዋልካው ላይ ኮንክሪት ይፈስስበታል፤ አፈሩ አብጦ ሲሰነጠቅም ራምፑ ከሕንፃው ይላቀቃል። ራምፕ እንደ ግድግዳው ሁሉ የራሱን መሠረትና ገረጋንቲ ይፈልጋል።

ልኩም የታወቀ ነው። በየአገሩ የሚሠራበት መለኪያ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይጠይቃል። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው አራት ደረጃዎች 60 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ለእነሱ 7 ሜትር ከ20 የሚረዝም ራምፕ ያስፈልጋል። ከላይ ደግሞ ዊልቸር የሚዞርበት፣ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ደልዳላ ቦታ ሊኖር ይገባል። በየቦታው የምናየው የሁለት ሜትር ራምፕ ግን በራስ ጉልበት የማይወጣ፣ ሲወርዱበትም ይዞ የሚሮጥ ነው። አለ ለማለት የተሠራ ስለሆነ ከሌለበት ሕንፃ አይሻልም።

ሌላም አለ። በከተሞቻችን ብዙ ሰው የሚጠቀመው በእጅ የሚዘወረውን ባለሦስት ጎማ ነው። ለአስቸጋሪ መንገድ ከታጣፊው ዊልቸር ይሻላል፤ ግን ረጅምና ሰፊ ስለሆነ በአዳራሽ በር አይገባም፣ በወንበሮች መሐልም አይዞርም። ባለቤቱ ደጅ ላይ ይወርዳል። ክራንች ካለው በክራንች፣ ከሌለው በእጁ እየዳኸ ወይም በሰው ጀርባ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ባለሦስት ጎማውን የሚጠብቅለት ሰው መለመን አለበት፤ ቴአትሩ እየታየ ልቡ ደጅ ነው። አዳራሹ ራሱ አንድ ዊልቸር በር ላይ ቢያስቀምጥና ለባለሦስት ጎማው ጥላና ዘበኛ ያለው ቦታ ቢሰጥ ይህ ሁሉ በቀረ ነበር። ከአንድ ምሽት የድምፅ ማጉያ ኪራይ ጋር ቢነጻጸር ብዙ ወጪ አይመስለኝም።

«ችግር የለም፣ ተሸክመን እናስገባሃለን!» ይላል ሕዝባችን፤ ከልቡ ነው የሚለው። የዚህን ርኅራኄ ዋጋ አላሳንስም። ነገር ግን ቀሚስ የለበሰች ሴት በማታውቃቸው ወንዶች ክንድ ላይ፣ መቶ ሰው እያየ ደረጃ ስትወጣ ምን እንደሚሰማት ጠይቁ። ሽንት ቤት መሄድ ሲያስፈልጋት ማንን ትጠራለች? ዝግጅቱ አልቆ ሰው ሲበተን የተሸከሟት ልጆች የት ናቸው? ብዙዎች ከቀትር ጀምረው ውኃ አይጠጡም። ብዙዎች ደግሞ ይህን ሁሉ አስበው ከቤት ይቀራሉ፤ አዘጋጁም ባዶውን ቦታ አይቶ «እነሱ እኮ አይመጡም» ይላል።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር በሙሉ አለቀሰ። በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ በክብር ዘበኛ የነገሠው ያ ድምፃዊ በመጨረሻ ዓመታቱ በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን አጥቶ በዊልቸር ይንቀሳቀስ ነበር። በዚያው ዓመት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጣ። አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲመቻቸው አዘዘ። አዋጁ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች የሚመለከት ስለነበረ ወረታንም ይመለከት ነበር። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 ቴአትርን፣ ሲኒማን፣ ሙዚየምንና ቤተ መጻሕፍትን በስም ይጠራል። የጎደለን ሕግ አይደለም።

የጎደለው አንዱ ቆጠራ ነው። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ ያገኘው አካል ጉዳተኛ 864,218 ብቻ ነበር፤ ከሕዝቡ አንድ በመቶ ጥቂት አለፍ ቢል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ጎንደር ድረስ ከዘለቀ በኋላ እግሩን ያጣው ወጣት በዚያ አሮጌ ቆጠራ ውስጥ የለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ እያሠለጠነ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ይሠራል፤ ወጣቱ ዊልቸር መንዳት ቢማርም ግን የሚነዳበት ቦታ ያስፈልገዋል።

መግባት ብቻውንም አይበቃም። በእኛ አገር ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የሚሰጠው ቦታ መተላለፊያው ነው፤ አለዚያም ከድምፅ ማጉያው ሥር። ዘፈኑ ሲሞቅ ሰው ሁሉ ለእስክስታ ይነሣል፤ እሱ የሚያየው ጀርባ ነው። በአሜሪካ ደንብ 300 መቀመጫ ያለው አዳራሽ አምስት የዊልቸር ቦታ ይኖረዋል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብም የአብሮ መጪው ወንበር አለ። ተመልካቹ ቆሞ በሚያይበት ዝግጅት ደግሞ ከቆሙት ሰዎች አናት በላይ ማየት የሚያስችል ከፍ ያለ ቦታ ይዘጋጃል። ሃያና ሠላሳ ሳንቃ የሚጠይቅ የአናጢ ሥራ ነው።

ከሁሉ የምቆረቆርለት ግን መድረኩ ነው። በር ላይ ራምፕ ያሠራ አዳራሽ እንኳ መድረኩን በደረጃ ይተወዋል፤ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ቢመጣ ለማየት እንጂ ለመዝፈን ነው ብሎ ማንም አያስብም። ሴሌስት ዳንዴከር የምትባል እንግሊዛዊት ዳንሰኛ በ1973 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ ወድቃ አንገቷ ተሰብሮ ዊልቸር ላይ ዋለች፤ በ1991 ግን ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ካንዱኮ የተባለውን፣ አካል ጉዳተኛና ጉዳት የሌለበት አብረው የሚደንሱበትን ቡድን መሠረተች። ቤንጃሚን በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በአዱኛ የዳንስ ቡድን ዙሪያ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አሠልጥኗል። ከአዱኛ የወጡት ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴም ዴስቲኖ በተባለው ቡድናቸው ይህንኑ ሥራ ይዘው ቀጥለዋል። እንዲህ ከሠለጠኑት አካል ጉዳተኛ ወጣቶች አንዱ ወረታ መጥቶ ሥራውን ላሳይ ቢል በየትኛው በኩል ነው መድረክ ላይ የምናወጣው?

በፎገራ ደግሞ ነገሩ ከአዳራሹ በር በፊት ይጀምራል። ነሐሴ ላይ ጭቃው ጎማውን ይዞ አይለቅም፤ መዘውሩንና እጅን ያጨቀያል። በጋ ላይም የዋልካው ንቃቃት ፊተኛዋን ትንሽ ጎማ ይውጣታል። ስለዚህ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ የአዳራሹ አካል ሆኖ መነደፍ አለበት፤ ቦዩ ላይ የሚጣለው ድልድይም እንዲሁ።

የሚቀጥለው አዳራሽ ንድፍ ለከተማው የሕንፃ ሹም ሲቀርብ መፍትሔው በእርሳስ ይስተካከላል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን በዲጂኖ ነው። ሕንፃው አልቆ መጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ የከተማው አካል ጉዳተኞች በየራሳቸው ዊልቸርና ባለሦስት ጎማ መጥተው ከአስፋልቱ ተነሥተው በሩን፣ መጸዳጃውንና መድረኩን ያለ ተሸካሚ ይሞክሩት። የቆሙበት ቦታ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ እስኪስተካከልም ሹሙ አይፈርም።