ፊልሙ ሲያልቅ ቶሎ አይነሱ

ቅዳሜ ማታ ነው። ቡናው ተፈልቷል፤ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቧል። ፊልሙ አልቆ የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር መውጣት ሲጀምር ግን እርስዎ ሪሞቱን ያነሳሉ። አይፈሩ፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

«ላይፍ ኦፍ ፓይ» የተሰኘውን ፊልም አይተውታል? ከልጁ ጋር በጀልባ ላይ የሚታየው ነብር በአብዛኛው በኮምፒውተር የተሠራ ነው። አንድ ሰከንድ የፊልም ምስል 24 ፎቶዎች አሉት፤ 10 ሰከንድ ማለት 240 ማለት ነው። የቪዥዋል ኢፌክት ባለሙያ እነዚህን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየተከተለ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፊልሙ በመላው ዓለም ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በየካቲት 2005 ዓ.ም. በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ሲሸለም ግን ሥራውን በዋናነት የሠራው «ሪዝም ኤንድ ሂዩዝ» ኪሳራ ውስጥ ገብቶ የሕግ ከለላ ከጠየቀ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ተሸላሚው መድረክ ላይ ስለ ድርጅቱ ችግር መናገር ሲጀምር ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ድምፁም ተቋረጠ። ከአዳራሹ ውጭ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ሰልፍ ላይ ነበሩ።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? አንዱ ምክንያት ቁርጥ ዋጋ ነው። ድርጅቱ ሥራውን በአንድ ዋጋ ይረከባል፤ አሠሪው «ይህን ቀይሩ፣ ያንን ጨምሩ» ባለ ቁጥር ሌሊቱ ይረዝማል እንጂ ክፍያው አይጨምርም።

ሆሊውድ ሩቅ ነው ብለው እንዳያልፉት። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እዚያው ሰፈራችን ለሚሠራ ወጣት ሰጠሁት። ምርታችን ከጦሳ ተራራ በላይ እየበረረ ደሴ ላይ እንዲያርፍ ፈለግን፤ ሠራው። ከዚያ «አርማው ትንሽ ከፍ ይበል»፣ «ቀለሙ ይድመቅ» እያልኩ ሰባት ጊዜ መለስኩት። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የሠራው ሁሉ ከንቱ ቀረ። አንድ ብር አልጨመርኩለትም። ማስታወቂያው ሲወደድ ምስጋናውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ስሙን እንኳ አላነሳሁም።

ሌላ ሥራ ይዤ ስመለስ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ ዋጋ ጨምሪ አላልኩሽም። ስንት ጊዜ እንደማስተካክል ብቻ ቀድመሽ ንገሪኝ።»

አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እርማቱን በቁጥር እንዋዋላለን።

እርስዎም የሠርግ ቪዲዮ፣ የሱቅዎን ማስታወቂያ ወይም የልጅዎን የልደት ፊልም ሲያሠሩ እነዚህን ያስቡ፦

• ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀብዱ፣ የማስረከቢያው ቀንና ቀሪው ክፍያ ይታወቅ።
• በዋጋው ውስጥ ስንት እርማት እንዳለ ይስማሙ፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ይክፈሉ።
• «ኮምፒውተሩ አይደል የሚሠራው?» አይበሉ። ድስትም ራሱን ችሎ ወጥ አይሠራም።
• የባለሙያው ስም በሥራው ላይ ይውጣ።

ስም መጥቀስ ችሮታ ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በሌላው ዓለምም ነገሩ እየተለወጠ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የማርቭል ስቱዲዮ የቪዥዋል ኢፌክት ሠራተኞች በሠራተኛ ማኅበር ለመደራጀት በሙሉ ድምፅ ወስነዋል።

ልጅዎ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ምስል ሲቀጣጥል የሚያድር ከሆነ «ጨዋታ ነው» ብለው አያቃልሉት። ሙያው እንጀራ ሊሆነው ይችላል፤ ውል መጻፍንም አብረው ያስተምሩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ፊልሙ ሲያልቅ ሪሞቱን ያቆዩትና ከልጆችዎ ጋር ጥቂት ስሞች ያንብቡ።