ያውቁ ኖሯል? ሱዳናዊ ያገባች የአሶሳ ልጅ ኢትዮጵያዊነቷ አይቀርም

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ከውጭ ዜጋ ጋር የሚፈጸም ጋብቻም ዜግነትን አያስቀርም። በርታዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም በሚኖሩበት፣ በኩርሙክ በኩል ጋብቻና ንግድ በሚሻገሩበት አካባቢ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። በ1922ቱ የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘች ሴት የራሷን ታጣ ነበር።

ልጆቿስ? በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፦ ከአባቱ የሱዳን ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የሱዳኑን ትቶ ኢትዮጵያዊነትን መምረጡን ካላሳወቀ፣ ሕጉ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጥረዋል። ይህን ቀነ ገደብ ማንም ላልነገረው የገጠር ወጣት ፍርዱ ከባድ ነው፤ ቀበሌውም ትምህርት ቤቱም አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል።

ዋስትናው የተጣሰበት ጊዜም አለ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ወቅት፣ አገር ውስጥ የቀሩ የኤርትራ ተወላጆችን ጨምሮ የአንዳንዶች ዜግነት በዘፈቀደ እንደተነጠቀ የሁለቱ አገሮች የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ወስኗል።