ቦይለሩ ሙሉ ነው፤ ሙቅ ውሃው ግን አይወርድም

ታላቅ እህቴ ከመርሳ ወጥታ ወልድያ አዲስ ቤት የገባች ሰሞን ደወለችልኝ። «አንተ፣ ምሕንድስና አይደል የምትማረው? ይሄ ቦይለር እያሾፈብኝ ነው» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ በሙቅ ውሃ እንደ ልቧ ታጠበች። በማግስቱ መብራት አለ፣ ቦይለሩም ሞቋል፤ የከተማው ውሃ ግን ሄዷል፤ ሮቶም ገና አልተገጠመም። ሙቁን ቧንቧ ብትከፍተው ጠብ የሚል ነገር የለም። «50 ሊትር ሙቅ ውሃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እኔ በጀሪካን ቀዝቃዛ ልታጠብ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። እስቲ ቦይለሩን በሐሳብ እንክፈተው።

ከሥሩ ሁለት ቧንቧዎች ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ ቀለበት አለው። በሰማያዊው ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፤ ጫፉ በርሜሉ ወለል አካባቢ ያበቃል። ቀዩ የሙቅ ውሃ መውጫ ነው። ከውጭ ስታዩት ከታች የሚቀዳ ይመስላል፤ ውስጥ ግን ረጅም ቱቦ ሆኖ እስከ ጣሪያው ድረስ ይወጣል። ምክንያቱም ሙቅ ውሃ ቀላል ነው። 1 ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 998 ግራም ሲመዝን በ60 ዲግሪ 983 ግራም ብቻ ነው። ልዩነቷ ትንሽ ብትሆንም ሙቁ በቀዝቃዛው ላይ እንዲንሳፈፍ ትበቃለች።

አሁን ቧንቧ ስትከፍቱ ምን እንደሚሆን አስቡ። ሙቁ ውሃ በራሱ አይወርድም፤ ይገፋል። ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ያለውን ሙቅ ወደ ቱቦው አፍ ይገፋዋል። አንድ ሊትር ካልገባ አንድ ሊትር አይወጣም። የከተማው ውሃ ሲሄድ የሚገፋ የለም፤ በወጣው ውሃ ምትክ የሚገባ አየርም የለም። ስለዚህ ውሃው ሙቅ እንደሆነ ባለበት ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ግን የውሃው ግፊት ስላለ፣ ቀድሞ የሞቀው ያለ ችግር ይወጣል። በርሜሉ በወፍራም ፎም ስለተሸፈነ ለብዙ ሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል። የእህቴ ቦይለር አላሾፈም፤ እንደተሠራበት ነው የሠራው።

ሻወር ላይ ቆማችሁ ውሃው ቀስ በቀስ ሳይሆን ድንገት የሚቀዘቅዝባችሁም ለዚሁ ነው። ሙቁና ቀዝቃዛው በደንብ አይቀላቀሉም። የቀዝቃዛው ሽፋን ከታች ወደ ላይ እያደገ ሄዶ የቱቦው አፍ ጋ ሲደርስ፣ በቃ፣ አለቀ።

ለማሞቅስ ምን ያህል ይፈጃል? 1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ይጠይቃል። 50 ሊትሩን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 50 × 4.2 × 40፣ ማለትም 8,400 ኪሎ ጁል ነው። ቆጣሪያችሁ በሚቆጥርበት መለኪያ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል ማለት ነው። መርሳ ከወልድያ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለምትል ሞቅ ትላለች። እዚያ ውሃው ከ24 ዲግሪ ቢነሳ ሥራው በ10 በመቶ ይቀንሳል። የወልድያው ቆጣሪ ትንሽ ቢበልጥባችሁ ቦይለሩን አትርገሙት።

በርሜል የሌለው፣ ሻወሩ አናት ላይ የሚገጠመው ማሞቂያ ሌላ ታሪክ ነው። በደቂቃ 3 ሊትር ውሃን በ20 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ዋት ያህል ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት 19 አምፒር ነው። ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ወደ እህቴ ልመለስ። ሁለተኛ ቅሬታ ነበራት። «ደግሞ ከሥሩ ያንጠባጥባል። ቧንቧ ሠራተኛው በላስቲክ ጠምጥሜ ልድፈነው ይላል።»

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረጌን አልክድም። ያቺ የምታንጠባጥበው ትንሽ ነገር ሴፍቲ ቫልቭ ናት። ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ1.5 በመቶ ይጨምራል፤ 50 ሊትሩ ላይ ሦስት አራተኛ ሊትር ትርፍ ይፈጠራል። ቫልቯ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛ፣ ሙቁ ውሃ ወደ ቀዝቃዛው መስመር እንዳይመለስ ታግዳለች። ሁለተኛ፣ ግፊቱ ላይዋ ላይ ከተጻፈው ልክ (ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ባር) ሲደርስ ትርፉን ጠብ ጠብ እያደረገች ታስወጣለች። ስለዚህ ሲሞቅ ብቻ ማንጠባጠቧ የጤና ነው። ቦይለሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላም ካላቆመች ግን ባለሙያ ይያት።

ብትደፈንስ? ትርፉ ውሃ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ በርሜሉን ያስጨንቀዋል። ቴርሞስታቱና ትርፍ ሙቀት ሲኖር መብራቱን የሚቆርጠው መከላከያም ከተበላሹ ነገሩ ይከፋል። ወልድያ ከፍታ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በግፊት የታፈነ ውሃ ግን ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። በርሜሉ የተሰነጠቀ ጊዜ ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋል፣ የውሃው ከፊል ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ያ ፍንዳታ ግድግዳ ያፈርሳል።

አዲስ ቤት ለሚገባ ሁሉ የምነግረው ሌላም አለ። ቦይለሩን ከማብራታችሁ በፊት ሙቁን ቧንቧ ክፈቱና አየሩ እየተንፈቀፈቀ እስኪወጣ ጠብቁ። ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ በርሜሉ ሞልቷል። ባዶውን ካበራችሁት በውስጡ ያለው ሪዚስታንስ የሚያቀዘቅዘው ውሃ አጥቶ ይቃጠላል። የኤርዝ ሽቦው መገናኘቱንም ኤሌክትሪሻን ያረጋግጥ፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ በርሜል ውስጥ ናቸውና።

እህቴ ሮቶ አስገጠመች፤ አሁን የከተማው ውሃ ሲሄድ ሮቶው ይገፋላታል። ችግሩ፣ 10 ሜትር የውሃ ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ገደማ ነው፤ የእሷ ሮቶ ደግሞ ከሻወሩ በላይ 3 ሜትር ብቻ ላይ ነው ያለው። 0.3 ባር መሆኑ ነው። «ይወርዳል፣ ግን እንደ እንባ ነው» ትለኛለች። ማቆሚያውን 2 ሜትር ከፍ ለማድረግ ከበያጁ ጋር ዋጋ እየተነጋገረች ነው። ከቫልቯ ሥር ማሰሮ አስቀምጣለች፤ በጠብታው አበባዋን ታጠጣበታለች።