ከተጣለ ፕሪንተር ሮቦት



ሮቦቲክስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ከውጭ የሚመጣ ውድ ኪት ነው። እሱን ስንጠብቅ ሳንሞክር እንመረቃለን። ነገር ግን አብዛኛው የሮቦት ዕቃ እዚሁ ጎንደር በየጥገና ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ ሮቦቲክስ ኔትወርክ የ10 ዶላር ሮቦት ውድድር አካሂዶ ነበር። ከአሸናፊዎቹ አንዱ፣ ታይላንድ የሚኖረው ቶም ቲሊ የሠራው ሎሊቦት፣ የወጣበት 8.96 ዶላር ነው። መነሻው የጌም መጫወቻ ጆይስቲክ ነበር፤ በውስጡ ያሉት ሁለት የመንቀጥቀጫ ሞተሮች መንጃ ሆኑ። በመዘውሮቹ ላይ የተሰኩት ሎሊፖፕ ከረሜላዎች ደግሞ ሮቦቱ ሲጋጭ ወደ ፊት እየተወረወሩ ግጭቱን ያሳውቁታል።

ሮቦት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ማየት፣ መወሰን፣ መንቀሳቀስ። ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር፣ ጥርስ (ጊር) እና ወረቀት የሚለዩ የብርሃን ሴንሰሮች ይገኛሉ። ለመወሰን አርዱኢኖ መግዛት ሊያስፈልገን ይችላል፤ እሱንም በጋራ ማዋጣት እንችላለን።

ለጀማሪ የሚመከረው መስመር ተከታይ ሮቦት ነው። ጥቁር መስመር ብርሃንን ይውጣል፤ ነጭ ወለል ይመልሳል። በመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሴንሰር እናደርጋለን። የግራው ጥቁር ካየ ሮቦቱ ወደ ቀኝ ስቷል ማለት ነው፤ የግራ ጎማውን እናዘገየዋለን። ሞተሩን ግን በቀጥታ ከአርዱኢኖ ጋር አናገናኝ፤ አንዱ ፒን በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሆነ ይቃጠላል። በመካከል ትራንዚስተር ይግባ።

ጥንቃቄም አለ። ያበጠ የስልክ ወይም የሶላር መብራት ባትሪ እሳት ስለሚያስነሳ አይነካ። የድሮ ቴሌቪዥንና ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ለጀማሪ አይሆኑም። በሊድ ብየዳ ከሠራን ምግብ ከመንካታችን በፊት እጃችንን እንታጠብ። የተረፈውን አናቃጥል፣ ወንዝ ውስጥም አንጣል።

የተጣለ የመሰለን ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የጥገና ቤቱንም ሆነ የግቢውን ዕቃ አስፈቅደን እንውሰድ፤ አማና ነው። ኢስራፍን መራቅ በምግብና በውሃ ብቻ አያበቃም፤ ገና የሚሠራ ሞተር መጣልም ብክነት ነው።

አራትና አምስት ሆነን በአንድ ፕሪንተር እንጀምር።