ሃምሳ እግር እንሰት ስንት ነው?

ሲዳማ ወይም ጉራጌ ጓሮ ገብቶ እንሰት ለሚቆጥር ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል። ሃምሳ እግር አገኘ እንበል። በዘር ከሄድን ግን ጓሮው ውስጥ ያሉት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገሩ ከአረባቡ ይመጣል። ሙዝ ማንም ሳይነካው ከሥሩ ልጅ ያወጣል፤ ዘመዱ እንሰት ካላቆሰሉት በቀር እምቢ ይላል። ስለዚህ ገና ያልጎለመሰ እንሰት ተመርጦ ግንዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። መሃል ያለችው ለጋ እምብርት በቢላ ተፈልፍላ ትወጣለች፤ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍሉ፣ አሚቾው፣ አፈርና ፍግ ይለብሳል። ማደጊያውን ያጣው አሚቾ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፦ በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጥ ቡቃያ። እናቲቱ ትበሰብሳለች። ሞተች እንበል? እኔ አልደፍርም።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለዚህ ሁለት ቃል አላቸው። ከአንድ ፍሬ የተነሣው ሁሉ፣ የትም ይብቀል የት፣ አንድ «ጄኔት» ነው፤ ለብቻው የቆመው እያንዳንዱ እግር «ራሜት» ይባላል። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ፓንዶ የተባለው ደን 43 ሄክታር ላይ 47,000 ያህል ግንድ አቁሞ አንድ ጄኔት ነው። የፓንዶ ግንዶች ቢያንስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ጎረቤታሞች ናቸው። እንሰት ግን ቡቃያው ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፣ ለሙሽራ ጎጆ ይሰጣል፤ አንዱ «ግለሰብ» በአሥር መንደር ተበትኖ ያድራል።

ገበሬው የሚለየው በስም ነው፤ ሲዳማ ገንቲቻ፣ አዶ ይላል። ስሙ ለጄኔት ይቀርባል እንጂ ልክ አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የዘረመል ጥናት 146 የእንሰት ዓይነቶችን ሲያነጻጽር 58ቱ በ21 ምድብ ተጠቃለሉ፤ በየምድቡ ያሉትን ምርመራው ሊለያቸው አልቻለም። በዚያ ላይ ቡቃያ ከቡቃያ ሲወለድ በዘረመሉ ላይ ጥቃቅን ለውጥ ስለሚያድር፣ አንዱ ጄኔትም ቀስ በቀስ ከራሱ ይለያል።

አጠውልግ በሽታ ሲገባ ቆጠራው የሆድ ጉዳይ ይሆናል። ማዚያ የተባለው የወላይታ ዓይነት ከሌሎች ይልቅ ይቋቋመዋል። ጓሮውን የሞላው በቀላሉ የሚጠቃ አንድ ዘር ከሆነ ግን ሃምሳው እግር እኩል ተጋላጭ ነው። በሽታውን ከእግር ወደ እግር ከሚያሻግሩት አንዱ ደግሞ ያው ቢላ ነው፤ የታመመ ከቆረጡበት፣ ጤነኛውን ከመንካታቸው በፊት እሳት ላይ ማጋል አለባቸው።