ሽጉጡ አይተኩስም

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተደገነብን ቴርሞሜትር «ጨረር እየረጨ አንጎል ይጎዳል» የሚለው ወሬ ዛሬም አልሞተም። ወሬውን የሰማ ሁሉ ግንባሩን ከልክሎ እጁን ዘረጋ፤ ጥበቃውም አንጓውን ለክቶ 34.6 አነበበና «ይለፉ» አለ። ቁጥሩ እውነት የውስጥ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ሰውዬው መሄድ የነበረበት ድንገተኛ ክፍል ነበር። ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ በደህና የሚቆም ሰው የለምና!

ጨረር የምንረጨውስ እኛ ነን። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ያመነጫል፤ የቆዳችን ጨረር 9 ማይክሮሜትር ተኩል ግድም ላይ ይበረታል። መሣሪያው ይህንኑ ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም። ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ መዳፏን ጠጋ የምታደርግ ጋጋሪ ምጣዱን በምን ጎዳችው? (ቀይ የሌዘር ነጥብ የሚያበራው የፋብሪካ መለኪያ ሌላ ዕቃ ነው። እሱን ወደ ሰው ዓይን ማነጣጠር አይገባም፤ ለትኩሳትም አልተሠራም።)

ዋናው ጉዳይ በመሣሪያው አፍንጫ ውስጥ ያለችው ቴርሞፓይል የምትባል ሴንሰር ናት። አንደኛው ጫፏ ከቆዳ በመጣው ጨረር ይሞቃል፤ ሌላኛው የመሣሪያውን የራሱን ሙቀት እንደያዘ ይቆያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቮልቴጅ ይፈጥራል። ልብ በሉ፦ ሴንሰሯ የምታውቀው ልዩነቱን ብቻ ነው። የቆዳውን ሙቀት ለማግኘት መሣሪያው በመጀመሪያ የራሱን ሙቀት መለካት አለበት። ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና አውጥተው ወዲያው ቢደግኑት ይህ ስሌት ይዛባል፤ ክፍሉን እስኪለምድ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ያሻል።

ይህም ሆኖ የተገኘው የቆዳ ሙቀት ነው። የግንባር ቆዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ወደ 37 የሚያደርሰው አምራቹ የጨመረው ቀመር ነው፤ ቀመሩ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የተሰላውም ለግንባር እንጂ ለአንጓ አይደለም። ላብ ግንባሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሻሽና ፀሐይ ያሞቁታል። ለሴንሰሯ እከራከርላታለሁ፤ ለቀመሩ ግን ዋስ አልሆንም። ለነዚህ መሣሪያዎች በቤተ ሙከራ የሚፈቀደው ስህተት 0.3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በር ላይ ግን ቤተ ሙከራ የለም።

የጆሮው መለኪያ ይሻላል፤ የታምቡሩ አካባቢ ለአንጎል ሙቀት ቅርብ ነው። ነገር ግን ጠማማ አያያዝ ያሳስተዋል፤ ለጨቅላም አይሆንም። ሜርኩሪው ትክክለኛ ነበር። ችግሩ መርዝነቱ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም ምርቱና ንግዱ በ2020 እንዲያበቃ ወስኗል።

ለቤት የምመርጠው ርካሹን ባለ ዘንግ ዲጂታል ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቴርሚስተር ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሟ ይቀንሳል፤ በትኩሳት ክልል ውስጥ የሚጠበቅባት ስህተት 0.1 ዲግሪ ገደማ ነው። ከምላስ ሥር ጥሩ ይለካል። ብብት ውስጥ ግን ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ድምፁ የሚጮኸውም ቁጥሩ መውጣቱን ሲያዘገም እንጂ ጨርሶ ሲቆም ስላልሆነ፣ ላቡን አድርቆ ከጩኸቱ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን የብብቱ ቁጥር አይበቃም፤ በፊንጢጣ ተለክቶ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።