ካላመመው ለምን እንመጣለን?

የልጁን ጥርስ የተበላ ክፍል ጠርጌ ስጨርስ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ብቅ ካለች፣ ሰው ሁሉ ነርቭ የሚለው የጥርሱ ሕያው ክፍል ተከፍቷል። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ልጆችን ይዘው የሚመጡልኝ ብዙ ጊዜ አያቶች ናቸው። ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ንቀልለትና ይገላገል» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ እነሱ ባደጉበት የጎንደር ገጠር ለሚያም ጥርስ የነበረው መፍትሔ ጉጠት ነው። ደግሞም በ6 ዓመት ግድም የሚበቅለው መንጋጋ ምንም የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ስለሚወጣ፣ ቋሚ መሆኑን የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው።

የዚህ መንጋጋ ሥር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሌላ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ጫፉ እስኪዘጋ ድረስ ደም እንደ ልብ ይገባዋል፤ ነርቩም ራሱን የመጠገን ብርቱ አቅም አለው። ቀድሞ ከሞተ ግን ሥሩ አጭርና ስስ ሆኖ ይቀራል፤ ጥርሱም በቀላሉ ይሰበራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደሙን አያለሁ። በሶዲየም ሃይፖክሎራይት የራሰ ጥጥ እጭንበታለሁ። በጥቂት ደቂቃ ከቆመ ነርቩን እሸፍነዋለሁ። አልቆም ካለ ብግነቱ ጠልቋል፤ ከነርቩ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር አንስቼ ጤነኛው ጋ ስደርስ እሸፍናለሁ። መሸፈኛው ለብዙ አሥርት ዓመታት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነበር፤ በ1990ዎቹ ግን ማህሙድ ቶራቢነጃድ በአሜሪካ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ኤምቲኤ የተባለውን ሲሚንቶ አመጣ። ከሥሩ የሚሆነው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ዴንቲን የተባለውን የጥርሱን ጠንካራ አካል ይሠሩ የነበሩት ሴሎች በተጎዳው ቦታ ቢሞቱም፣ ከነርቩ ውስጥ ሌሎች ተነሥተው ቦታቸውን ይይዛሉ፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥም ቀዳዳውን በጠንካራ ግድግዳ ይደፍኑታል።

ይሁንና መድኃኒቱ ብቻውን አያድንም። በ1965 ካኬሃሺ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከጀርም ነፃ ሆነው ያደጉ አይጦችን ጥርስ እስከ ነርቩ ቦርቡረው ሳይሸፍኑ ተዉት፤ ነርቩ ራሱ ግድግዳ ሠርቶ ዳነ። በተራዎቹ አይጦች ግን ሞተ። ስለዚህ ከሲሚንቶው ዓይነት ይልቅ የምጨነቀው ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱን በላስቲክ ለመከለልና ከላይ የሚደረገውን ሙሌት አጥብቄ ለመዝጋት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ይከብደኛል። ሕመሙ ይጠፋል፤ ልጁም በቀጠሮው ይቀራል። «ካላመመው ለምን እንመጣለን?» ይሉኛል። እማማ፣ የሞተ ነርቭም እኮ አያምም! ድምፁን አጥፍቶ ሥሩ ጫፍ ላይ አጥንቱን እየበላ ሊከርም ይችላል። የዳነውን ከሞተው ለመለየት ጥርሱን በቀዝቃዛ ጥጥ እነካዋለሁ። ልጁ ነቅነቅ ሲል ደስ ይለኛል፤ ጥጡ ሲነሣ ስሜቱም ቶሎ ከጠፋ ነርቩ ደህና ነው። በራጅ ደግሞ ሥሩ ካለፈው ጊዜ ረዝሞ ካየሁ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አልፈልግም።

በእስራኤል በ2010 የተጀመረው የልጆች የጥርስ ሕክምና ሽፋን በየደረጃው አድጎ በ2019 እስከ 18 ዓመት ደርሷል፤ ገንዘብ እንደ ድሮው ሰበብ አይሆንም። የቀጠሮው መልእክት ግን በዕብራይስጥ ይመጣል፤ ማንበብ የማይችሉ አያት ስልክ ላይም ይቀራል። ስለዚህ በአማርኛ በወረቀት ጽፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤም እሰጣቸዋለሁ፦ ከስድስት ወር በኋላና ከዓመት በኋላ፣ ባያመውም ይምጡ፤ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም የድድ እብጠት ካዩ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በማግስቱ።